ከባልዲ እስከ ምስክር ወረቀት፦ የወጪ ምርት የዕፅዋት ጤና ምርመራን ወደ ዲጂታል ስናዞር

ጥር 8 ቀን 2017

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ቦታው ቆቃ አካባቢ ያለ እርሻ ነው፤ ጽጌረዳ፣ ፎሶሊያ፣ እንዲሁም በሶብላ፣ ናናና የጥብስ ቅጠል ወደ አውሮፓ ይልካል። የተሰጠን ሥራ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፦ ከግሪን ሃውስ ጀምሮ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ማመልከቻ እስኪገባ ድረስ ያለው የምርመራ መዝገብ ከደብተር ወጥቶ በስልክና በኮምፒውተር ይያዝ።

ምስክር ወረቀቱን እዚህ ሁሉም ሰው በአጭሩ «ፋይቶ» ይለዋል። ወሰናችንን ከመጀመሪያው ለይተን ጻፍን። ፋይቶ የሚሰጠው መንግሥት ነው። በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥር የወጣው 12ኛው ደረጃ፣ በሙያው የሠለጠነና ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት ባለሙያ ብቻ እንደሚሰጠው በግልጽ ይናገራል። እርሻው ለራሱ አይሰጥም፤ የኛ ፕሮግራምም አይሰጥም። የኛ ድርሻ የመንግሥቱ ኢንስፔክተር ሲመጣ የሚያየው፣ የሚጠይቀውና ሊያምነው የሚችለው መረጃ ነው።

ጊዜ የለንም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆረጠ ጽጌረዳ ላይ ያወጣው አዲስ መስፈርት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 2025፣ በእኛ ሚያዝያ 18፣ ሥራ ላይ ይውላል። ምክንያቱ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የምትባል የእሳት ራት ናት፤ የእርሻ ሰዎች ኤፍ.ሲ.ኤም. ይሏታል። አገሯ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። ሴቷ ሌሊት ሌሊት እንቁላሏን አንድ በአንድ ትጥላለች፤ የተፈለፈለው እጭ እምቡጡን በስቶ ይገባና ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት አበባው ደህና ይመስላል። እንዲህ ያለችን ተባይ በመጨረሻው ሰዓት ካርቶን ከፍቶ ማየት ብቻውን አይይዛትም። ለዚህ ነው መስፈርቱ ወደ ኋላ ወደ ማሳው የሚሄደው፤ ወጥመዱ፣ የየሳምንቱ አሰሳ፣ አበባው እየታየ የሚለይበት የመልቀሚያ ጠረጴዛ ሁሉ መዝገብ እንዲኖራቸው የሚጠበቀው።

ጥር 15

ዛሬ ኮምፒውተር አልከፈትንም። አንድ የበሶብላ ጭነት ከማሳ እስከ መኪና ተከተልን።

ጠዋት ሲለቀም ሱፐርቫይዘሯ በደብተሯ ጻፈች። ማሸጊያ ቤት ሲደርስ ሌላ ደብተር ላይ ተጻፈ። ከዚያ ቢሮ ያለው ልጅ ወደ ኤክሴል ገለበጠው። ከኤክሴሉ ወደ ማመልከቻው ተገለበጠ፤ ትራንዚተሩ ደግሞ ለአውሮፕላን ጭነት ሰነዱ፣ ለኤርዌይ ቢሉ፣ ከፎቶ ላይ አንብቦ ጻፈ። አንድ የካርቶን ቁጥር በየእጁ ሲገለበጥ ውሎ የሚደርሰው ቦሌ ነው። ፋይቶው ላይ የተጻፈው የካርቶን ብዛትና በፓሌቱ ላይ ያለው ካልገጠመ ደግሞ በእስክሪብቶ አርሞ ማለፍ የለም፤ ያልተፈቀደ ስርዝ ድልዝ ምስክር ወረቀቱን ዋጋ ያሳጣዋል። አዲስ ይጠየቃል፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል።

በሶብላ ለዚህ ጥበቃ የሚሆን ቅጠል አይደለም። ጽጌረዳ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት ቢቆይ ችግር የለውም። በሶብላን እዚያ ካስገቡት ይጠቁራል፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ የወረቀት መዘግየት በሁሉም ምርት ላይ እኩል አይወድቅም። በዕቅዳችን ላይ ማመልከቻዎች በገቡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ምርቱ መታገስ በሚችለው ሰዓት እንዲደረደሩ ጨመርን። እርሻው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ የሚያውቁበት ቦታ ግን አእምሯቸው ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም።

ሌላም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ለበሶብላ በፋይቶው ላይ እንዲጻፍ የሚጠይቀው ተጨማሪ መግለጫ ሊሪዮማይዛ ሳቲቬ እና ኔሞሪማይዛ ማኩሎሳ የተባሉ ሁለት የቅጠል ቦርቧሪ ዝንቦችን ይመለከታል። አገሩ ከነሱ ነጻ ካልሆነ፣ ምርቱ ከመላኩ በፊት ወዲያው በመንግሥት ባለሙያ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ መገኘቱ ይጻፋል። «ወዲያው» የሚለው ሊረጋገጥ የሚችለው የምርመራው ሰዓት በትክክል ሲመዘገብ ነው። በደብተሩ ላይ ግን ቀን እንጂ ሰዓት አልነበረም።

ጥር 24

ሳምንቱን ሙሉ «ሎት ምንድን ነው?» በሚለው ላይ ስንከራከር ቆየን፤ ጊዜው የሚገባው ክርክር ነበር።

ለሽያጭ ክፍሉ ሎት ማለት ለአንድ ደንበኛ የሚሄድ ጭነት ነው። ለማሸጊያ ቤቱ ደግሞ በአንድ ፈረቃ የታሸገው። ለአግሮኖሚስቱ፣ ለሰብል ባለሙያው፣ ከአንድ ብሎክ፣ ማለትም ከአንድ የማሳ ወይም የግሪን ሃውስ ክፍል፣ የተለቀመው ነው። ሦስቱም ለየራሳቸው ሥራ ልክ ናቸው። እጯ ግን የምትኖረው ብሎክ ውስጥ ነው፤ ደንበኛም ፈረቃም አታውቅም። ስለዚህ ለምርመራ የሚሆነው ሎት የአግሮኖሚስቱ ነው፦ አንድ ዓይነት ምርት፣ ከአንድ ብሎክ፣ በአንድ ቀን የተለቀመ። ጭነቱ ከብዙ ሎቶች ይሠራል፤ አንዱ ሎት ላይ ተባይ ሲገኝ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው፣ የተቀረው ጭነት መንገዱን ይቀጥላል።

ይህ ውሳኔ ለሁሉም አልጣፈጠም። ማሸጊያ ቤት ውስጥ የሁለት ብሎክ አበባ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲደባለቅ ኖሯል፤ ለሥራው ፍጥነት ይረዳል። አሁን ጠረጴዛው በብሎክ መሥራት አለበት። የማሸጊያ ቤቱ ኃላፊ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካዳመጠን በኋላ፣ «እሺ፣ ግን ባልዲው ራሱ ከየት እንደመጣ ካልነገረኝ ሠራተኛዬን አልጠይቅም» አለ። ትክክል ነው። ባልዲው መናገር አለበት።

የካቲት 3

የፍቅረኞች ቀን የካቲት 7 ላይ ይውላል፤ አበባው ግን ከዚያ ቀድሞ መሄድ ስላለበት ግሪን ሃውሱም፣ ማሸጊያ ቤቱም፣ መንገዱም በአንድ ጊዜ ተጨናንቋል። በዚህ ሰሞን አዲስ ነገር ለማንም አንሰጥም ብለን ወስነናል። ቆመን ማየት ብቻ።

ያየነው ለዓመቱ ይበቃል። ሰው ሲደክም የመጀመሪያው የሚያጥረው የምርመራው ጊዜ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው መርማሪ አበባውን አዙራ፣ የውጪውን ቅጠል ገልጣ፣ ከሥሩ ታያለች፤ ሰልፉ ሲረዝም ማዞሩ ይቀራል፣ ከዚያ መግለጡ ይቀራል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ግን በሁለቱም ሰዓት አንድ ዓይነት ነው። ዲጂታል ማድረጋችን የሚቆጥበውን ደቂቃ ሁሉ ወደዚህ ጠረጴዛ ማምጣት አለብን። ለእኔ የዚህ ፕሮጀክት ዋጋ የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

የካቲት 16

ቀንና ሰዓት።

ደብተሮቹ በእኛ ዘመን አቆጣጠርና በእኛ ሰዓት የተጻፉ ናቸው። ፋይቶውና ኤርዌይ ቢሉ በፈረንጅ ናቸው። ቀን ለቀን መቀየሩ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን እንኳ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን መሆኗን ማስላት አይከብድም። ከባዱ ሌሊቱ ነው። የካቲት 3 ማታ የገባ ፈረቃ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የመረመረውን «የካቲት 3 ሌሊት» ብሎ ይጽፋል፤ እንዲህ መጻፉም ተፈጥሯዊ ነው፣ ሌሊቱ የዚያው ቀን ሌሊት ነውና። በፈረንጁ ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተለውጧል፤ ምርመራው የተካሄደው ፌብሩዋሪ 11 ነው፣ የካቲት 3 ደግሞ ፌብሩዋሪ 10 ነው። በቀጥታ የሚቀይር ፕሮግራም አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ከመለቀሙ በፊት የተመረመረ አበባ በመዝገቡ ላይ ይወለዳል፤ ከተረጨ በኋላ መጠበቅ ያለበት ቀንም ይዛባል።

መፍትሔያችን ሰው ቀን እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። ስልኩ ቅጽበቱን በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል፤ ስክሪኑ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይታያል። ኢንስፔክተሩም፣ ሱፐርቫይዘሯም የለመዱትን ያነባሉ። ስልክ ጠፍቶ በወረቀት የተሠራ ምርመራ በኋላ ሲገባ ደግሞ ፕሮግራሙ ፈረቃው የገባበትን ቀን ይጠይቃል፣ ከዚያ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን ያስመርጣል፤ ቀሪውን ራሱ ያሰላል።

አንድ ያላሰብነው ነገር ስልኮቹን ስንሰበስብ ወጣ። አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ 6 ሰዓት ተቀይረዋል፤ ባለቤታቸው ስልኩን አይቶ «2 ሰዓት» እንዲያነብ። ለኑሮ ይመቻል። ለምርመራ መዝገብ ግን እያንዳንዱ ቅጽበት ሐሰት ይሆናል። አሁን ስልኩ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ሰዓቱን ከሰርቨሩ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ካለ መዝገቡን አይጥለውም፣ ልዩነቱን አብሮ ያስቀምጠዋል።

የካቲት 27

ዛሬ ኢንስፔክተሩ ከእኛ ጋር ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ ሰው ናቸው። የናሙናውን ስሌት ይዘን ቀረብን።

እርሻው በውስጥ ምርመራው «ከመቶ ሁለት» እያየ ቆይቷል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ከትልቁም ከትንሹም እኩል ድርሻ። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። ከ10,000 የአበባ ዘንግ ከመቶው አንዱ እጭ ቢኖርበት፣ 200 ዘንግ ያየ ሰው ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሉ 87 ከመቶ ገደማ ነው። ከ2,000 ዘንግ ደግሞ በዚሁ ደንብ 40 ዘንግ ይታያል፤ ዕድሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። በሽታው ያው ነው፣ ትንሹ ሎት ግን አምልጦ የማለፍ ዕድሉ አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ትንንሽ ሎቶች ደግሞ እኛ ራሳችን በጥር ወር ያበዛናቸው ናቸው፤ በብሎክ መክፈል ማለት ማሳነስ ነውና። ናሙናው ሳይቀየር ሎቱ ብቻ ቢቀየር ምርመራው በዝምታ ይደክም ነበር።

ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚናገረው 31ኛው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስኬደው በሌላ መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ምን ያህል ወረርሽኝ እንዳያመልጥህ እንደምትፈልግ ወስን፣ ከዚያ ቁጥሩ ይወጣል። በትልቅ ሎት ውስጥ ከመቶ አንድ የሆነን ችግር በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት 299 ዘንግ ያስፈልጋል። ሎቱ 1,000 ብቻ ከሆነ 258። ከመቶ አምስት የሆነን ችግር ለማግኘት ከሆነ 59 ይበቃል። ይህ ሁሉ የሚያየው ዓይን ምንም አያመልጠውም በሚል ነው። መርማሪዋ ካለባቸው አምስት ዘንጎች አራቱን ብቻ የምትለይ ከሆነ 299ኙ ወደ 373 ያድጋል። ድካም በቁጥር ሲጻፍ ይህን ይመስላል፤ የየካቲት መጀመሪያው ሰልፍ ትዝ አለኝ።

ፕሮግራሙ ባልዲዎቹን በዕጣ እንዲመርጥ አድርገን ነበር፤ ሰው ከበሩ አጠገብ ያለውን የላይኛውን ባልዲ ብቻ እንዳያነሳ። ኢንስፔክተሩ ይህን ወደዱት። ቀጥለው፣ «ዓይኔ የጠረጠረውን ባልዲ ግን ዕጣ አልወጣለትም ብዬ ልለፈው ወይ?» አሉን።

አይለፉም። አሁን ሁለት የናሙና መስመር አለ፤ አንዱ በዕጣ፣ አንዱ በጥርጣሬ። ሁለቱ በአንድ ቁጥር አይደመሩም፤ ከተደመሩ የዕጣው ስሌት ትርጉም ያጣል። የጥርጣሬው መስመር ለምን እንደተጠረጠረ አንድ ቃል ያስጽፋል፦ የተበሳ ቅጠል፣ ቅሪት፣ የደረቀ እምቡጥ። ይህ አንድ ቃል ከጊዜ በኋላ ከቁጥሮቹ በላይ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ የኢንስፔክተሩ የዓመታት ልምድ ለአዲስ ሰው የሚተላለፍበት ሌላ ቦታ የለውም።

መጋቢት 11

የስካውቶቹ ሳምንት። በየግሪን ሃውሱ የሚዞሩት፣ ወጥመድ የሚቆጥሩት፣ ቅጠል የሚገለብጡት እነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽ ኮቦ ቱልቦክስ በሚባል የስልክ መረጃ መሰብሰቢያ ተሠርቷል፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ማታ ቢሮ ሲደርሱ ይልካል። ቅጹ ላይ ባዶ መተው አይቻልም። ምንም ካልተገኘ ዜሮ ይጻፋል፤ ባዶ ማለት «አልታየም» ነው፣ ዜሮ ማለት «ታይቶ አልተገኘም» ነው። ተቀባዩ አገር የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ወጥመዱ የሚስበው ወንዶቹን ብቻ ነው፤ ሽታው የሴቷ ነውና። ስለዚህ ወጥመድ ላይ ዜሮ ሲሆን እምቡጡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ቅጹ የወጥመዱንና የእምቡጡን ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዱ ሌላውን እንዳይተካ። የተገኘ እጭ ደግሞ ወዲያው ስም አይሰጠውም። የጓይ ትልና የኤፍ.ሲ.ኤም. እጭ በትንሽነታቸው ይመሳሰላሉ፤ የኤፍ.ሲ.ኤም. በኋላ ጫፏ ያለችውን ትንሽ ማበጠሪያ መሰል ነገር ለማየት ማጉያ ይጠይቃል። «ያልተለየ እጭ» የሚል ምርጫ አለ፤ ፎቶና ናሙናው በአልኮል ጠርሙስ ወደ ባለሙያ ይሄዳል። በግምት የተጻፈ ስም ሎት ያስጥላል፤ ወይም ከዚህ የከፋው፣ ሎት ያሳልፋል።

የአጥሩን ዙሪያም ወደ ካርታው አስገባን። ጉሎና ዘይቱን ኤፍ.ሲ.ኤም.ን ያስተናግዳሉ። ግሪን ሃውሱ ውስጥ የተረጨው ሁሉ ከአጥሩ ሥር በበቀለ ጉሎ ሊከሽፍ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግን ዛሬ የያዘኝ ሌላ ነው። ከቀደሙት ደብተሮች የአንድ ብሎክ ገጾች ሳምንት ከሳምንት ዜሮ ናቸው፤ አጠገቡ ያለው ብሎክ ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ ከስካውቶቹ አንዷን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «ትል አገኘሁ ያልኩ ቀን ብሎኩ ይዘጋል። ብሎኩ ሲዘጋ ቦነሱ ይቀራል። ቦነሱ ሲቀር ሁሉም ሰው ወደ እኔ ያያል፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የቱም ስልክ፣ የቱም ሰርቨር ይህን አያስተካክለውም። ያገኘችው ሴት የምትቀጣ ከሆነ የምንሠራው ነገር ሐሰትን በፍጥነት የሚያደርስ መሣሪያ ብቻ ይሆናል፤ ከደብተሩ የሚከፋው ደግሞ ሐሰቱ በሰዓትና በቦታ ተደግፎ እውነት መምሰሉ ነው። በዚያው ቀን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀመጥን። ሁለት ነገር ጠየቅን፦ የተዘጋ ብሎክ ሠራተኞች ቦነሳቸውን እንዳያጡ፤ የስካውቷ ስም በዕለታዊው ሪፖርት ላይ እንዳይወጣ፣ በዋናው መዝገብ ላይ ብቻ ለምርመራ እንዲቀመጥ። ሁለተኛውን ወዲያው ተቀበለ። ለመጀመሪያው ሒሳብ ክፍሉን አነጋግሬ ልምጣ አለ።

መጋቢት 18

ቦነሱ ተፈቀደ። ለስካውቶቹም ለመልቀሚያ ጠረጴዛዎቹም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ ነገራቸው፤ እኛ ብንነግራቸው ይህን ክብደት አይኖረውም ነበር። ለእሱም አስቀድመን የነገርነው አለ፦ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚገኘው ተባይ ቁጥር ይጨምራል፤ ተባዩ ስለጨመረ አይደለም።

መጋቢት 22

ስለ ባልዲው ታግ በአጭሩ። የወረቀት መለያ በውሃና በቅዝቃዜ አልቆየም፤ ይላጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል። አሁን እያንዳንዱ ባልዲ እጀታው ላይ የታሰረ የፕላስቲክ ታግ አለው፤ ቁጥሩ የባልዲው ነው፣ አይቀየርም። ለቃሚዋ ብሎኩ ውስጥ ስትሞላው ታጉን ስካን ታደርጋለች፤ ባልዲ፣ ብሎክና ሰዓት በዚያ ቅጽበት ይተሳሰራሉ። ማሸጊያ ቤት ተራግፎ ሲታጠብ ትስስሩ ይዘጋል። የማሸጊያ ቤቱ ኃላፊ የጠየቀው ይኸው ነበር።

መጋቢት 29

የማመልከቻው መረጃ። የፋይቶ ቅጽ ላይ ያሉት መስኮች በመላው ዓለም አንድ ናቸው፦ ላኪና ተቀባይ፣ የጥቅሉ ብዛትና ዓይነት፣ መለያ ምልክት፣ የተመረተበት ቦታ፣ መጓጓዣው፣ የመግቢያ በሩ፣ የምርቱ ስምና መጠን፣ የዕፅዋቱ ሳይንሳዊ ስም፣ ተጨማሪ መግለጫ፣ ሕክምና ከተደረገ ዓይነቱ፣ መጠኑና ቀኑ። ማንም ሰው እነዚህን በእጅ እንዳይጽፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሁሉም ከኋላ ካለው መዝገብ ይመጣሉ።

በአገሮች መካከል የሚሄደው ኤሌክትሮኒክ ፋይቶ የወረቀቱ ፎቶ አይደለም። ኮምፒውተር የሚያነበው ኤክስ.ኤም.ኤል. መልእክት ነው። የ12ኛው ደረጃ አባሪ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ለዚሁ ነው። መልእክቱ የሚያልፍበት ኢፋይቶ ሃብ የሚሠራው በተባበሩት መንግሥታት የኮምፒውተር ማዕከል በኩል ነው፤ ፖስታ ቤት ደብዳቤ እንደማይከፍት ሃቡም ይዘቱን አያይም፣ ከላኪው መሥሪያ ቤት ወደ ተቀባዩ ያደርሳል እንጂ። ጥቅሙ አንድ አገር ከእያንዳንዱ አገር ጋር ለየብቻ ገመድ መዘርጋት አያስፈልገውም፤ አንዴ ከሃቡ ጋር ይገናኛል። የራሱን ሥርዓት መገንባት ላልቻለ መሥሪያ ቤት ደግሞ ጄንስ የሚባል ዝግጁ ሥርዓት አለ። የአውሮፓ ኅብረት የገቢ ምርት ምስክር ወረቀቶች የሚያልፉበት ሥርዓት፣ ትሬሲስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከሃቡ ይቀበላል። በዚህ በኩል ያለው ግንኙነት የመንግሥት ሥራ ነው። የእኛ መረጃ በዚያ ቅርጽ ከተዘጋጀ ግን በየትኛውም ደረጃ ማንም መልሶ መተየብ አይኖርበትም።

ለዚህ ኮዶች ያስፈልጋሉ። ለዕፅዋቱና ለተባዩ የአውሮፓና የሜዲትራኒያን የዕፅዋት ጥበቃ ድርጅት ኮዶች ይሠራሉ፤ ለዕፅዋት 5 ፊደል፣ ለነፍሳት 6። ስካውቷ ግን ኮድ አታይም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የምታውቀውን ስም ከነሥዕሉ ትመርጣለች። እርሻው ውስጥ ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ይነገራሉ፤ ቅጹ በአንዱ ብቻ ቢሆን ግማሹ ሰው በግምት ይሞላው ነበር።

ተጨማሪ መግለጫው ግን በነጻ ጽሑፍ አይገባም። ቃሉ ከተቀባዩ አገር መስፈርት ጋር በትክክል መግጠም አለበት። በምርትና በመዳረሻ አገር ተደርድሮ ከተቆለፈ ዝርዝር ይመጣል፤ ዝርዝሩን የሚቀይር ሰው ስሙን፣ ምክንያቱንና መስፈርቱ የወጣበትን ቀን ያስገባል። የመግለጫው ዓረፍተ ነገር ከፊቱ የሚደግፈው መዝገብ ከሌለው ፕሮግራሙ ማመልከቻውን አይለቅም። «ከመላኩ በፊት ወዲያው ተመርምሯል» ለማለት ሰዓት ያለው ምርመራ መኖር አለበት።

ሚያዝያ 9

ጸሎተ ሐሙስ። ነገ ስቅለት ነው፣ እሑድ ፋሲካ። ከሠራተኛው የሚበዛው ወደ ቤቱ እየሄደ ነው፤ አበባው ግን ለበዓል ማበቡን አይተውም፤ በበዓሉ የሚገቡት ተራቸው ወጥቷል። ከመበተናችን በፊት ሙሉ ልምምዱን ሠራን፦ ከባልዲ እስከ ማመልከቻ፣ ያለ ደብተር።

ኢንስፔክተሩ አንድ ሎት መርጠው ወደ ኋላ እንድንመልሳቸው ጠየቁ። ከካርቶኑ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ባልዲዎቹ፣ ከባልዲዎቹ ወደ ብሎኩ፣ ከብሎኩ ወደ ባለፉት ሳምንታት ወጥመዶች። መንገዱ አልተቋረጠም። ከዚያ ከዚህ በፊት የተዘጋ ሎት እንድናሳያቸው ጠየቁ። ይህን በተለይ አመሰግናለሁ፤ ንጹሑን ሳይሆን የተዘጋውን ማየት የፈለጉት ሥርዓቱን ለመመዘን ትክክለኛው መንገድ ስለሆነ ነው። የተዘጋው ሎት ከነምክንያቱ አለ፤ ከሱ በታች ጠረጴዛው ላይ ድጋሚ ታይቶ ተለይቶ እንደነበር፣ ሁለተኛም እንደተዘጋ፣ ወደ ውጭ እንዳልተላከ ተጽፏል። መዝገቡ ላይ የሚሰረዝ ነገር የለም፤ እርማትም ቢሆን በላዩ ይጨመራል እንጂ የቀድሞውን አይተካም።

አንድ ነገር እንዲቀየር ጠየቁ። የምርመራው ገጽ ሲከፈት የእርሻው የውስጥ ምርመራ ውጤት ከላይ ይታይ ነበር። «የእናንተን ውጤት ቀድሜ ካየሁ ዓይኔ እሱን ይከተላል» አሉ። አሁን የእርሳቸው ውጤት እስኪገባ የእኛው ይሸፈናል።

ሚያዝያ 21

መስፈርቱ ሥራ ላይ ውሏል። እርሻው ጭነት እየላከ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋጅበት ሰዓት ስላጠረ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ተጨማሪ መርማሪ ቆማለች፤ ቢሮ ሆኖ ኤክሴል ሲገለብጥ የነበረው ልጅ ደግሞ አሁን ፎቶዎቹን ከባለሙያው መልስ ጋር ያስተያያል፤ ወዶታል።

ያ ሁልጊዜ ዜሮ የነበረው ብሎክ ዜሮ መሆኑ ቀርቷል። አግሮኖሚስቱ ወዲያው ሄዶ አየው፤ ከአየር ማስገቢያው ጎን መረቡ ተቀዷል። ተሰፋ።

ግንቦት 6

የእናቶች ቀን ጥድፊያ አለፈ። የጽጌረዳውና የበሶብላው መስመር ራሱን ችሎ ይሄዳል፤ ችግር ሲኖር የሚደውሉት ወደ ራሳቸው ሰዎች ነው፣ ወደ እኛ አይደለም።

የፎሶሊያው መስመር ከነገ ይጀመራል፤ ከባድ ነው። ፎሶሊያው ከአንድ እርሻ አይመጣም፤ ከፊሉ በአካባቢው ካሉ አነስተኛ ገበሬዎች ማሳ ተሰብስቦ ይመጣል። የአንዱ ገበሬ ምርት ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን እንኳ አይሞላም፤ መሰብሰቢያው ላይ ይደባለቃል። «አንድ ብሎክ፣ አንድ ቀን» የሚለው ሎታችን እዚያ አይሠራም። የእያንዳንዱን ገበሬ ጆንያ ለየብቻ መያዝ ሎቱን ከናሙናው ያሳንሰዋል፤ ሁሉንም አንድ ማድረግ ደግሞ የአንዱ ማሳ ችግር የሁሉንም ዋጋ እንዲያሳጣ ማድረግ ነው፤ ይህ በተለይ ጠንቅቀው ለሚሠሩት ገበሬዎች ፍርደ ገምድልነት ነው። ለመሞከር ያሰብነው ጎረቤት ማሳዎችን በአንድ ስካውት ሥር መሰብሰብና ያንን እንደ አንድ ብሎክ መቁጠር ነው። ገበሬዎቹ ከማን ጋር መሰባሰብ እንደሚፈልጉ መጀመሪያ እነሱን እንጠይቃለን። ስብሰባው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መሰብሰቢያው ጋ ነው፤ ታጎቹንና ሁለት ስልክ ይዘን እንሄዳለን።